ሁለት ከሠላሳ

ዳይሬክተሩ ጡረታ ከወጡ ስምንት ወር ሆኗቸዋል፤ ለራሳቸው ግን እስካሁን የነገራቸው ሰው ያለ አይመስልም። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ሲል ከረባታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ሳሎን መሐል ቆመው ይገኛሉ። የት ሊሄዱ? የትም! ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ለምን እንደሚያንጠባጥብ፣ ጫማዎች በር ላይ ለምን እንደተዘበራረቁ፣ የወጥ ቤቱን መስኮት ማን ክፍት እንደተወው ሲመረምሩ ይረፍዳል። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ተማሪ ሲያስተዳድሩ ለኖሩ ሰው አሁን የቀሯቸው ሚስታቸው፣ ልጃቸውና የሁለት ወር ተኩሉ የልጅ ልጃቸው ናቸው። ሦስት ሰው! ይህ እኮ የአንድ ዴስክ ተማሪ ነው።

«ኧረ በሞቴ አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ቁጭ በል» ይሏቸዋል ባለቤታቸው።

«ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ?»

«ምንም አታድርግ! ሰው ቁጭ ሲል ምን ያደርጋል?»

ይህ ጥያቄ ለዳይሬክተሩ ከባድ ነበር። ስለዚህ ተነስተው የኮሪደሩን አምፖል ያያሉ።

ልጃቸው ወደ ወላጆቿ ቤት የመጣችው በወለደች በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ባሏ ቀያሽ ነው፤ ሩቅ አገር አዲስ መንገድ በሚጠረግበት ቦታ ድንኳን ውስጥ ይኖራል፤ በየሁለት ሳምንቱ አቧራውን ተሸክሞ ብቅ ይልና ሁለት ቀን አድሮ ይመለሳል። «ለብቻዋ ከምትሆን እናቷ ጋ ትሁን» ተባለ፤ መጣች። እሷ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ በትልቅ ሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠንቃቃ፣ ዝምተኛ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የታዘዘችውን ሁሉ ከታዘዘችው በላይ አድርጋ የምታስረክብ ልጅ ናት።

ሕፃኑን «ኢንስፔክተሩ» ያሉት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው። እውነታቸውን ነው። ሳይታሰብ ከች ይላል፤ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ በዓይኑ ይቃኛል፤ በምንም አይደሰትም፤ ከዚያ ጮኾ ሪፖርቱን ያቀርባል።

«ደህና ነሽ ልጄ?» ሲሏት ልጃቸው ፈገግ ትልና «ደህና ነኝ አባዬ» ትላለች። ሌላ ሰው ያምናት ይሆናል። ዳይሬክተሩ ግን ያንን ፊት ያውቁታል! አርባ ዓመት ሙሉ በየፈተናው ጠዋት ሲያዩት የኖሩት ፊት ነው፤ መጽሐፉን ሳይገልጥ መጥቶ «አጥንቻለሁ» የሚል ተማሪ ፊት። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብተው አንዷን ብርጭቆ ስታጥብ፣ ስታጥብ፣ ስታጥብ አገኟት፤ ውኃው ይፈሳል፣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ሕፃኑ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለቅሳል፤ እሷ ከበሩ ውጪ እጀታውን ይዛ ቆማለች። አልገባችም። አልተመለሰችም። ቆማለች ብቻ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ዳይሬክተር ምን ያደርጋል? የክፍለ ጊዜ ድልድል አወጡ።

በአራት ዓይነት ቀለም፣ በማስመሪያ ተሰምሮ፣ ከሕፃኑ አልጋ በላይ ተለጠፈ። ማጥባት ሃያ ደቂቃ። ማስገሳት አሥር ደቂቃ። ልብስ መቀየር አምስት ደቂቃ። «ነፃ ጊዜ» የሚል ሳጥንም ነበረው፤ ከሌሎቹ ሁሉ ጠበብ ያለች ሳጥን። ልጅቱ አነበበችውና «እሺ አባዬ» አለች። ይባስ ብላ በደቂቃ ሳታዛንፍ ተገበረችው! እዚህ ላይ ሰውየውን ብቀየማቸው አይፈረድብኝም። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ገብተው ወረቀቱን ቦጭቀው ጣሉት፤ ለሁለት ቀንም አላነጋገሯቸውም።

ሲስተር የመጣችው በዚህ መሐል ነው።

ሲስተር የጤና ጣቢያው አማካሪ ነርስ ናት። ሥራዋ ሕይወቱ ድንገት የታጠፈበትን ሰው መከታተል ነው፤ አዲስ እናት፣ አዲስ አባት፣ የተፋታ፣ ሥራ የለቀቀ፣ ልጆቹ አድገው ቤቱ ባዶ የሆነበት። የምትሠራበት መንገድ ደግሞ የራሷ ነው። አባት በሆነ በወሩ ቤቱ መግባት የፈራን አንድ የታክሲ ሹፌር ከጎኑ ተቀምጣ፣ እሱ እየነዳ ነው ያነጋገረችው። ከባሏ የተለየችን ፀጉር ሠሪ ደግሞ የራሷን ፀጉር እያሠራች። «ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ምክር የለኝም» ትላለች፤ «ልክ እየወሰድኩ ነው የምሰፋው።»

የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ ዳይሬክተሩ ወንበር አስተካክለው፣ ማስታወሻ ደብተር ከፍተው ተቀምጠው ጠበቋት።

«ጋሼ፣ ከልጅዎ ጋር ብቻችንን ብንሆን ነው የሚሻለው» አለቻቸው በፈገግታ።

«እኔ እኮ አባቷ ነኝ።»

«እሱማ ነው ችግሩ።»

ኩም ብለው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጠራቻቸው። «ጋሼ! ጡረታ ከወጡ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

«ምን አገናኘው?» ብለው በሩን ዘጉት። በሩ ብዙ አልጮኸም፤ ግን ተዘጋ።

ሲስተር ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ልጅቱ ሦስቱንም ጊዜ «ደህና ነኝ» አለቻት፤ እንቅልፍ? ደህና። ምግብ? ደህና። ከልጁ ጋር? ደህና። በሦስተኛው ቀን ሲስተር ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀትና አንድ እርሳስ አወጣች። ይህን ዳይሬክተሩ እንዴት አወቁ? ኮሪደር ውስጥ ነበሩ፤ አምፖሉ እንዳልተቃጠለ እያረጋገጡ። ማረጋገጡ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።

«ጥያቄዎቹ እዚህኛው ላይ ናቸው፤ እነሱ አንቺው ጋ ይቅሩ» ስትል ሰሟት። «መልሱን እዚህኛው ላይ ነው የምታከብቢው። ከአንድ እስከ አሥር ጥያቄ፤ ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት። ቁጥር ብቻ ነው። ሆን ብዬ ነው የለያየሁት፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቢያየው እንኳ ምንም አይገባውም። ተረጋግተሽ ሙዪውና ነገ ላኪልኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ውጤቱን አይቼ እንወስናለን። ጥሩ ከሆነ እዚሁ ላይ እንዘጋዋለን፤ እኔም እየመጣሁ አላስቸግርሽም። ጥሩ ካልሆነ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

ኮሪደር ውስጥ ያሉት ሰውዬ ክው አሉ። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን! ይህን አነጋገር እሳቸው ስንቴ ተናግረውታል! ሁለት ጊዜ ክፍል የደገመ ልጅ አባትን ቢሮ አስጠርተው፣ ድምፃቸውን አለስልሰው «እንግዲህ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን» ይሉ ነበር፤ ትርጉሙ «ልጅዎን ይዘውልኝ ይሂዱ» ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ በአንድ አፍታ ጭንቅላታቸው ውስጥ ተደራጀ፤ ይህ ፈተና ነው፤ ልጃቸው ከወደቀች «ልጅ ማሳደግ አትችልም» ተብሎ ፋይሏ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ሕፃኑን ለማን እንደሚሰጡት ማን ያውቃል? ይህን ማን ነገራቸው? ማንም። ግን ሰው የፈራውን ነገር ለማመን ምስክር አይፈልግም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቱ አንድ ፖስታ ሰጠቻቸው። «አባዬ፣ በጤና ጣቢያው በኩል የምታልፍ ከሆነ ይህን ለሲስተር ስጥልኝ።» ፖስታው አልታሸገም፤ ክዳኑ ወደ ውስጥ ታጥፏል ብቻ። አባቷ ቀጥ ያለ ሰው እንደሆነ ታውቃላ!

ቀጥ ያለው ሰውዬ እስከ ሁለተኛው አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ ቀጥ ብለው ሄዱ። ሁለተኛው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ። ተቀመጡ። ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። በአርባ ዓመት ውስጥ በእጃቸው ያለፈ የመልስ ወረቀት ሁሉ ሳይደመር አልፎ አያውቅም። «አየት ላድርገውና እመልሰዋለሁ» አሉ ለራሳቸው፤ አየት አደረጉት።

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። አንድ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። አንድ። ዜሮ። ዜሮ።

ሁለት ከሠላሳ!

እንደገና ደመሩ። ወረቀቱን ገልብጠው ከታች ወደ ላይ ደመሩ። ያው ሁለት ነው። ልጃቸው! ከዘጠና በታች አምጥታ የማታውቅ ልጃቸው ሁለት ከሠላሳ! ወዲያው ደግሞ ተቆጡ፤ በእሷ ላይ አይደለም። ሁለት ወር ተኩል እንቅልፍ በዓይኗ ያልዞረ ሰው ፈተና ይቀመጣል እንዴ? በየትኛው ደንብ? የታመመ ተማሪ እንኳ ድጋሚ ይፈተናል! ሄደው ሊሟገቱ ተነሱ፤ ቆሙ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ቢሟገቱ ወረቀቱን ማየታቸው ይታወቃል። ዝም ቢሉ ልጅቱ ወደቀች። ከዚያ ሦስተኛው ሐሳብ መጣ። እዚያ አግዳሚ ላይ ሆነው ከሐሳቡ ለመሸሽ ያህል ጫማቸውን ሁለት ጊዜ ፈትተው አሰሩ።

መልሱ የተከበበው በእርሳስ ነው።

ከፌርማታው ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አለ። ገቡ። «ላጲስ ስጠኝ።»

ባለሱቁ ቀና አለና ፊቱ በራ። ጢሙ ሸብቷል፤ ግን ተማሪያቸው ነበር። «ዳይሬክተር! ኧረ እንዴት ነዎት! ዛሬም ፈተና ያርማሉ?»

«አዎ... ማረም ነው እንግዲህ።»

«አይ እርስዎ! አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በኩረጃ ይዘው ሁለት ሳምንት ያገዱኝ ትዝ ይልዎታል? አባቴ ገረፈኝ። ግን ጥሩ አደረጉ፤ ሰው ሆንኩበት። ለልጆቼም ሁልጊዜ ነው የማወራላቸው።»

ዳይሬክተሩ ላጲሱን ይዘው እግሬ አውጪኝ አሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌባን አርባ ዓመት ሲያሳድድ የኖረ ሰው ቢሰርቅ ማንም አይዘውም። ዳይሬክተሩ ጀማሪ አጭበርባሪ የሚሠራውን ስህተት በሙሉ ያውቁታል። ሠላሳ ከሠላሳ ማድረግ? ሞኝነት ነው፤ ወዲያው ይነቃበታል። ስለዚህ ሰባቱን ሦስት፣ ሦስቱን ሁለት አደረጉ። ሃያ ሰባት። ክቡ እንኳ ልክ እንደ ልጃቸው ከግራ ተጀምሮ ሳይገጥም እንዲቀር ተጠነቀቁ። አሥረኛውን ጥያቄ በተለይ ሦስት ሰጡት፤ የመጨረሻ ጥያቄ ሁልጊዜ ከባዱ ነው፤ እሱን የመለሰ ጎበዝ ይባላል። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ብለው፣ ወረቀቱን አጥፈው፣ ጤና ጣቢያው መስኮት ላይ አስረክበው ተመለሱ።

ቤት ሲገቡ ቀሏቸው ነበር። ሙዝ ገዝተው ነበር። «አደረስኩልሽ» አሏት ልጃቸውን፤ «አይዞሽ፣ ጥሩ ነው የሚሆነው።» ልጅቱ ለምን እንዲህ እንዳሏት አልገባትም።

ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ በሩ በኃይል ተንኳኳ።

ሲስተር ናት። ሮጣ ነው የመጣችው፤ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። ከኋላዋ የጤና ጣቢያው መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ በር ላይ ቆሟል። «የት ናት? ብቻዋን ናት?» ብላ ባለቤትየው ሳይመልሱላት አልፋ ገባች። ልጅቱ ሳሎን ተቀምጣ የሕፃኑን ጨርቅ ታጣጥፋለች፤ ኢንስፔክተሩ የዘንቢል አልጋው ውስጥ ተኝቷል። ሲስተር ፊቷ ተንበርክካ ሁለት እጇን ያዘቻት።

«እኔን! አይዞሽ። ሦስት ጊዜ መጥቼ አላየሁሽም፤ ይቅር በይኝ። ግን እውነቱን በመጻፍሽ ትልቅ ነገር ነው ያደረግሽው። በተለይ አሥረኛውን።»

«አሥረኛውን?» አለች ልጅቱ።

«ራሴን ለመጉዳት አስባለሁ የሚለውን። ሁልጊዜ ብለሽ ነው ያከበብሽው። ሐኪም እየጠበቀን ነው፤ አሁኑኑ አብረን እንሄዳለን፤ እኔ ካንቺ አልለይም።»

እናትየው «ምን?» ብለው ግድግዳውን ያዙ። ልጅቱም እጇን ከሲስተር ነጠቀች። «እኔ? እኔ እንደዚያ አላልኩም! አሥረኛውን ዜሮ ነው ያልኩት። ሁሉንም ዜሮ ነው ያልኩት! ሁለቱን ብቻ አንድ አድርጌያለሁ፣ እሱም እንዳይጠረጠር ብዬ...»

አፏን ያዘች። ግን አምልጧት ነበር።

«እንዳይጠረጠር?» አለች ሲስተር ቀስ ብላ።

ኮሪደሩ ውስጥ የቆሙት ዳይሬክተር በዚህች ቅጽበት ሁለት ነገር ገባቸው። አንደኛ፣ በዚህ ፈተና ብዙ ያመጣ የባሰበት ነው። ሁለተኛ፣ ልጃቸውን መኪና ላይ የሚያስጭኗት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ ማን ሊያውቅ? ግን እግራቸው ወደ ሳሎን አስገባቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሦስቱ ሴቶች ዞር አሉ።

«እኔ ነኝ የቀየርኩት። ላጲስ ገዝቼ። ጥያቄውን አላየሁም፤ ቁጥሩን ብቻ ነው ያየሁት። ሁለት ከሠላሳ ያመጣች መሰለኝ። ትወድቃለች ብዬ... ልጁን ይወስዱባታል ብዬ...» ያንን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጉሮሮ ሰልፍ ሲያስይዙ የኖሩ ሰው፣ አሁን ቃል አጠራቸው።

 

«አባዬ» አለች ልጅቱ፤ «ኮረጅክልኝ?»

«ኩረጃ አይደለም» አሉ ዳይሬክተሩ፤ «ኩረጃ ከሌላ ሰው ወረቀት ሲቀዳ ነው። ይህ ማጭበርበር ነው።»

ልጅቱ ሳቀች! መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በትከሻዋ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ። እዚህ ቤት ከመጣች ወዲህ ስትስቅ መስማታቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው። እናትየውም ሳያስቡት ሳቁ፤ ሲስተርም ሳቋን ለመደበቅ አንገቷን ደፋች። ሳቁ እየሄደ፣ እየሄደ የሆነ ቦታ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ የት ላይ እንደዞረ ግን ማናቸውም አላዩም።

ሲስተር ጠበቀቻት። ከዚያ እንዲህ አለች፣ ድምፅዋ ውስጥ ምንም ሳትጨምር፦ «እንግዲያው ትክክለኛው ውጤት ሁለት ነው ማለት ነው። በሁለት እኔ ፋይሉን እዘጋዋለሁ። ልዝጋው?»

ዳይሬክተሩ ልጃቸውን አዩ። አንዲት «አዎ» ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ልጃቸው ፈገግታዋንና ያንን በር ይዛ ትቀራለች። እንዳትል ፈለጉ። በሕይወታቸው እንደዚህ አጥብቀው የፈለጉት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ግን መልሱን ሹክ ሊሏት አይችሉም፤ የዛሬው ይበቃቸዋል።

«አትዝጊው» አለች ልጅቱ።

ዓይኗን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም። «አባዬ የጻፈው ነው ለእውነቱ የሚቀርበው። ከአሥረኛው በቀር። አሥረኛው ዜሮ ነው፤ እሱን በልጄ እምልልሻለሁ። ሌላው ግን... ሲያለቅስ በሩ ጋ እሄድና እጀታውን እይዛለሁ። ልገባ እፈልጋለሁ። እግሬ አይታዘዘኝም። ሲተኛ ደግሞ እኔ አልተኛም፤ እስኪነቃ እጠብቃለሁ። እናቱ ሌላ ሰው ሆና እኔ ለጊዜው የተቀጠርኩ ይመስለኛል። ጥያቄዎቹን ሳነብ ምን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጥሩውን መለስኩ።»

«ለምን አልነገርሽንም ልጄ?» አሉ እናትየው እያለቀሱ።

«እዚህ ቤት ማን አልቻልኩም ብሎ ያውቃል እማዬ?»

ተቆጥታ አይደለም፤ እንዲሁ ነው ያለችው። ዳይሬክተሩ ቀረብ ብለው፣ ሊቀመጡ ፈልገው ወንበሩን አጥተው፣ ጨርቁ ክምር ላይ ተቀመጡ። «የእኔ ጥፋት ነው» አሉ። «ውጤትሽን እንጂ አንቺን ጠይቄሽ አላውቅም።» ሌላ ንግግር አላደረጉም። ይህ ለእሳቸው በጣም አጭር ንግግር ነው።

ሲስተር ወጥታ ከሾፌሩ ጋር ተነጋገረች፤ መኪናው ሄደ። ተመልሳ ገብታ ልጅቱን ብቻዋን መኝታ ክፍል ይዛ ገባችና ስለ አሥረኛው ጥያቄ ዓይን ለዓይን እያየች እንደገና ጠየቀቻት፤ አዲስ ወረቀትም አስሞላቻት። ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ውስጥ አልነበሩም። ግቢ ወጥተው ቆሙ፤ ሚስታቸው ናቸው ምስክሬ።

ከዚያ ሲስተር ሁሉንም ሳሎን ሰብስባ ልክ መውሰድ ጀመረች። ሐኪሙ ለነገ ጠዋት ይያዛል፤ አብረው ይሄዳሉ። ባልየው ዛሬውኑ ይደወልለትና ፈቃድ ወስዶ ይምጣ፤ መንገዱ ያለ እሱ ጥቂት ቀን ቢታጠፍ ምንም አይልም። ልጅቱ በቀን አራት ሰዓት ሳይቋረጥ ትተኛለች፤ ይህ ልመና ሳይሆን መድኃኒት ነው። ቤት ተቀምጦ ማውራት ለእሷ ስለሚከብዳት ከሲስተር ጋር የሚያወሩት እየተራመዱ፣ በወንዙ ዳር ይሆናል።

«ከምሳ በኋላ ያለውን ማን ይይዘዋል?» አለች ሲስተር ሕፃኑን እያየች።

«እኔ!» አሉ ዳይሬክተሩ እጃቸውን አውጥተው።

«ጥሩ። ሰዓትዎን ያውልቁ።»

«እንዴት?»

«ሰዓትም፣ ማስመሪያም የለም። ሲርበው ይነግርዎታል። ሌላው ደግሞ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከእሷ ቀጥሎ ከእርስዎ ጋር ግማሽ ሰዓት እቀመጣለሁ።»

«እኔ? እኔ ደህና ነኝ።»

ሦስቱም ሴቶች አፍጥጠው አዩዋቸው። ዳይሬክተሩ በአርባ ዓመት ውስጥ እንደዚህ ዓይነት ሰልፍ ፊት ቆመው አያውቁም።

«እሺ» አሉ።

አንድ ከሰዓት ሰው ስለሳቀና ስላለቀሰ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብላችሁ አትጠብቁኝ። አልተስተካከለም። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘ፤ ልጅቱ ማዘዣውን እንደ ባለሙያ ሁለት ጊዜ አነበበችው፣ ከዚያ እንደ በሽተኛ ዋጠችው። ባልየው መጣና ሦስት ሳምንት ተቀመጠ፤ ልጁን ሲያቅፍ እንደ ውድ የቅየሳ መሣሪያው ነው በሁለት እጁ አግድም የሚይዘው። ጥሩ ቀን ነበር፣ መጥፎ ቀንም ነበር። ዳይሬክተሩ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሲስተር ጋር በወንዙ ዳር ይሄዳሉ፤ በመጀመሪያው ቀን ስለ ትምህርት ሚኒስቴር ብቻ አወሩ፤ በሦስተኛው ቀን ቁጭ ማለት እንደሚያስፈራቸው ነገሯት። ከረባቱ ግን አሁንም አለ። እሱን ሲስተርም አልነካችውም።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ዳይሬክተሩ ሳሎን ጋዜጣ ይዘዋል። ኢንስፔክተሩ መኝታ ክፍል ውስጥ ሪፖርቱን ጀመረ። የልጃቸውን እርምጃ ሰሙ። ቆመ። ጋዜጣውን ዝቅ አደረጉ፤ ግን አልተነሱም፤ እንዳይነሱ ከሲስተር ጋር ተስማምተዋል። አንድ ደቂቃ ሆነ፤ እንዲያውም ሁለት። ከዚያ በሩ ተከፈተ፣ ልቅሶው ቀረበ፣ ልጅቱ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ሕፃኑን አቅፋ ፊታቸው ቆመች። ፈገግ አላለችም።

«አባዬ፣ ዛሬ አልቻልኩም። ያዝልኝ።»

ዳይሬክተሩ ምላሳቸው ላይ አንድ ነገር መጣ። «ትችያለሽ፣ በርቺ» ነበር፤ አርባ ዓመት ሲሉት የኖሩት ነው፣ ሳይጠሩት ይመጣል። ዋጡት።

«ስጪኝ» አሉ።

ሰጠቻቸውና ገብታ ተኛች። በሩን አልዘጋችውም። ሕፃኑ ደረታቸው ላይ ትንሽ አጉረመረመ፤ ከዚያ ጉንጩን ከረባታቸው ላይ ለጥፎ ዝም አለ። ክንዳቸው ደነዘዘ፤ አልተንቀሳቀሱም። ከገበያ የተመለሱት ባለቤታቸው የተከፈተውን በርና የተኛችውን ልጃቸውን አይተው ደነገጡ፤ በጣታቸው እየተራመዱ መጡ።

«ምን ሆና ነው? አመማት?»

«አላመማትም» አሉ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ። «አልቻልኩም አለችኝ። እኔን ነው ያለችኝ፤ ራሷ መጥታ።»

ልጃቸው በማዕረግ ተመርቃ የወጣች ቀን እንኳ ለሰው ሲያወሩ እንዲህ ባለ ድምፅ አልተናገሩም ነበር። ባለቤታቸው ዘንቢላቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀምጠው ከጎናቸው ቁጭ አሉ።